ዕውሩ ጭልፊት

«ኮምጣጤ» የሚሉት ከኋላው ነው። ፊት ለፊት የሚደፍር የለም፤ ፊት ለፊት «ባለሙያው» ይሉታል፣ እሱም ይገባኛል ብሎ ይቀበላል። ስሙ የወጣለት በመልኩ አይደለም። መልኩማ ደህና ነው፣ ሽበቱም ያምርበታል። ምላሱ ነው ጉዱ። «እንዴት ዋልክ?» ያለውን ሰው «ምን አገባህ?» ብሎ የሚመልስ ሰው እንግዲህ ማር ተብሎ አይጠራ።

ሥራው የአሮጌ መኪና የክላክስ ቁልፍ ማደስ ነው። ሌላ አይነካም። ሞተር አይነካም፣ ፍሬን አይነካም፣ የገዛ ጎማው ቢተነፍስ እንኳ ሰው ጠርቶ ነው የሚያስነፋው። መሪው መሃል ላይ ጉብ ያለችውን፣ አውራ ጣት ሲጫናት የምታስጮኸውን ክብ ነገር፣ እሷን ብቻ። «ይሄም ሥራ ሆኖ?» የሚል ሞኝ ሲመጣ፣ «ዓይን ያለው ሰው መኪና ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው፤ ዓይን የሌለው ደግሞ ባይገባ ይሻላል» ይለዋል። ይቺን ንግግሩን ያዙልኝ።

አሠራሯ ግን እውነትም ቀላል አይደለም። ቁልፏ ፊቷ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ክዳን ነው። አርማው የሚሣለው ከላይ ሳይሆን ከክዳኑ ጀርባ ነው፤ ሰው በክዳኑ አሳልፎ ያየዋል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። ሌላ ሰዓሊ መጀመሪያ ሰማዩን ቀብቶ፣ ወፏን ሥሎ፣ ዓይኗን መጨረሻ ላይ ጠብ ያደርጋል። እዚህ ዓይኗ ትቀድማለች። ከዚያ የላባው መስመር፣ ከዚያ ክንፉ፣ በመጨረሻ ሰማዩ መጥቶ ሁሉንም ከጀርባ ይደፍነዋል። ሰማዩ ከተደፈነ በኋላ «ቆይ፣ ዓይኗን ላስተካክል» ማለት የለም። ሠሪውም ሲሠራ የሚያየው ጀርባውን ነው። ፊቱን የሚያየው ሲያልቅ ገልብጦ ነው፤ ከገለበጠ።

የሰማዩ ቀለም ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ ኮምጣጤ አንድ ልማድ አለው። አውራ ጣቱን ጫን ያደርግበታል፣ አሻራው ይቀራል። በላዩ የመዳብ ሳህን ስለሚታሰርበት አሻራውን ማንም አያየውም። ታናሽ ወንድሙን ሲያስተምረውም «ጣትህን አኑርበት። ነገ ሥራው ቢያሳፍር ማን እንዳሳፈረን ይታወቅ» ብሎ ነው ያስተማረው።

ደንበኞቹን ይንቃል። የጥንታዊ መኪና ባለቤቶች ማኅበር የሚባል አለ፤ እሱ «የብርድ ልብስ አልባሾች» ነው የሚላቸው። መኪናቸውን ሌላ መኪና ጭኖ ነው የሚያመጣላቸው። ደመና ካዩ ይሸፍኗታል፣ ፀሐይ ካዩ ይሸፍኗታል፣ ሰው ጠጋ ካለ በመሀረብ ይወለውሏታል። አንዱን «ክላክሱ ይሠራ ነበር?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «ይጮሃል ብዬ ፈርቼ ተጭኜው አላውቅም» አለው። ኮምጣጤ ይቺን ለሰው ሁሉ ሲያወራ ዓመት ከረመ።

ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን የገዛ ወንድሙን ነው። እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ አሳድጎታል፣ ብሩሽ አስይዞታል። አስተማሪነቱም እንደ ምላሱ ነበር። ልጁ አንድ ቀን ትርፍ ቀለም በምላጭ እየፋቀ ሳለ መስመሩ አላማረውና ክርኑን በጥፊ አለው። ምላጩ የልጁን አውራ ጣት ሥጋ በሰያፍ ሰነጠቀው። «ሁለተኛ እጅህን አታወላውልም» አለው፣ ደሙን በጨርቅ እያሰረለት። ጣቱ ዳነ፤ ጠባሳው እንደ ስፌት ጉብ ብሎ ቀረ። ልጁም እውነትም ሁለተኛ እጁን አላወላወለም። ካደገ በኋላ ግን መንገዱን ተሻግሮ የራሱን ሱቅ ከፈተ፤ የማተሚያ ማሽን ገዝቶ የተዘጋጀ አርማ ማተምና መለጠፍ ጀመረ። ኮምጣጤ ይሄን አልማረውም። «ስቲከር ለጣፊ» ይለዋል። «ወንድምህ ደህና ነው?» ሲሉት፣ «የቱ? ያ ስቲከር ለጣፊው? ምን ይሆናል፣ ሙጫ ውስጥ ነው የሚኖረው» ይላል። ታናሽየው በበዓሉም በአዘቦቱም እየመጣ «ጋሼ» ብሎ ጉልበቱ ሥር ይቀመጣል፣ ስድቡን ጠጥቶ ይሄዳል።

በቅርቡ ታዲያ ወንድምየው ሱቁ በር ላይ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ሰቀለ። «በእጅም እንሥላለን» ትላለች። ኮምጣጤ ሰሌዳዋን ከመንገዱ ማዶ ባየ ጊዜ ምሳውን ትቶ ተነሣ።

«በየቱ እጁ?» አለ።

«አንተ ባስተማርከው ነዋ» አለች ሚስቱ።

ሚስቱን ላስተዋውቃችሁ። ይቺ ሴት ከእሱ ጋር ኖራ አለመኮምጠጧ ራሱ ተአምር ነው። ሥራዋ የክዳኖቹን ፊት መወልወል ነው። እሱ ከጀርባ ይሥላል፣ ጣቱን ያኖራል፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ እሷ ይገፋዋል፤ እሷ ፊቱን በለስላሳ ዱቄት ትፈትገውና ታበራዋለች፣ ለባለቤቱም የምታስረክበው እሷ ናት። ድሮ እሱም ገልብጦ ያይ ነበር። አሁን አሁን «ያልኩት ቦታ ነው ያለው፣ ምን አየዋለሁ?» ብሎ ትቶታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የጎረቤት ፎቅ ተነሥቶ የመስኮቱን ብርሃን ከወሰደው ቆይቷል። በዚያ ላይ ዓይኑ ደክሟል። እሷ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ስታስገባ አጠገቧ ሆኖ ሲያይ ፊቱን ወደ ኋላ ይስባል፤ ጋዜጣ ሲይዝ ክንዱ ያጥረዋል። እሷ ይሄን ሁሉ አይታለች። ጠረጴዛውን ወደ በረንዳው እናውጣው አለችው። «ይሄ ፎቅ መሠረቱ ሳይቆፈር እዚህ ወንበር ላይ ነበርኩ። እጄ መንገዱን ያውቃል» አላት። መነጽር ገዝታ አመጣችለት። «መነጽር የሚያደርግ ሰዓሊ ማለት ምርኩዝ ይዞ ሩጫ የሚወዳደር ሰው ነው» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። እሷም መሳቢያውን ዘጋችበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይሄኛው ደግሞ ሞኝም አይደለም፣ ስለዚህ ይብሳል።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው የማኅበሩ ሊቀመንበር ብቅ ያለው። መኪናው ከሁሉም መኪና የምትበልጥ ነች ይባላል፤ ኮምጣጤ እንኳ እሷን ሲሰድብ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። መሪዋ መሃል ክንፉን የዘረጋ ጭልፊት ነበራት። ክዳኑ በፀሐይ ተሰንጥቆ ጭልፊቱ እንደ ቅርፊት ተላጠ። ሊቀመንበሩ ሁለት ባዶ ክዳን ከሩቅ አስመጣ፤ አንዱን ለኮምጣጤ ሰጠ፣ አንዱን መንገዱን ተሻግሮ ለታናሽየው። ለሌላው መስጠቱን ግን ለሁለቱም አልነገራቸውም። ሁለቱም የድሮውን አርማ ሊለኩ በአንድ ቀን ሊቀመንበሩ ግቢ ተገናኙ፤ ኮምጣጤ ሚስቱን አስከትሎ ነበር።

ኮምጣጤ ወንድሙን ሲያየው ሣቀ። ሣቁን የሚያውቅ ይፈራዋል።

«ለእኔ ሰጥተው ሲያበቁ ለዚህም ሰጡ?» አለው ሊቀመንበሩን። «መኪናዋን ይንቋታል ማለት ነው?»

«ማነጻጸር ክፋት የለውም ብዬ ነው ባለሙያው።»

«ከምን ጋር? እኔ እሥላለሁ፣ ይሄ ይለጥፋል።»

ወንድምየው ቀስ ብሎ፣ «አልለጥፍም ጋሼ። በእጄ ነው የምሠራው» አለ።

ይሄን ባይል ነገሩ እዚያው በቀረ። ኮምጣጤ ግን ደሙ ፈላ። የማኅበሩ ሰዎች ቆመው እየሰሙ፣ «እንግዲያ ይሁን» አለ። «ሁለታችንም እንሥራ። የተሸነፈ ብሩሹን ያስረክባል። ሁለተኛ የክላክስ ቁልፍ በእጁ አይነካም። ስቲከሩን ይለጥፍ፣ እኔ ከሆንኩም በሬን እዘጋለሁ። ማልኩ!»

ሁሉም ወደ ታናሽየው ዞሩ። እሱ ያቺን ሰሌዳ ለመስቀል ስንት ጊዜ እንደፈራ የሚያውቅ የለም። ማሽኑን የገዛው ለእንጀራ ነው፤ ልቡ ያለው ብሩሹ ላይ ነው። ወንድሙን አየ፣ የወንድሙን ሚስት አየ።

«እሺ» አለ። «ግን ጋሼ ራሱ ይፍረድ። የማን እንደሆነ ሳይነገረው፣ ፀሐይ ላይ አውጥተን። የእሱን ዓይን ነው የማምነው።»

ሰዎቹ ገረማቸው። ኮምጣጤ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ «አየሽው? ዳኛውን ለራሴ ሰጠኝ! ይሄን የሚያህል ጅል ነው ያሳደግኩት» እያለ ነበር። 

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ኮምጣጤ ቀድሞ ዓይኗን ጠብ አደረገ፣ ከዚያ ላባውን የአንድ ፀጉር ጫፍ በምታህል ብሩሽ ሰመረ፣ ክንፉን ቡናማ ሞላ፣ ሰማዩን ደፈነ። ሲሠራ ያንጎራጉራል። እጁ ዛሬም እንደ ድሮው ጽኑ ነው፤ ይሄን ማንም አይክደውም። እጅ ብቻውን ግን ምን ያደርጋል? መንገዱን የሚያውቅ በቅሎም ገደል አፋፍ ላይ ዓይን ያስፈልገዋል። ጣቱን ጫነበት፣ ጠቀለለው፣ ገፋው።

ሚስቱ ጨርቁን ፈትታ ገለበጠችው። ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«ስማ» አለችው። «ዓይኑ ሸሽቷል። ምንቃሩ ላይ ወጥቷል። ላባውም አንዱ ወፍሮ አንዱ ቀጥኗል። ሰማዩን ፍቀህ እንደገና ብትጀምረው?»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«ገልብጠህ እየው እስቲ። በረንዳ ላይ ውጣና እየው።»

«የወልዋይ ነገር! አብሪው፣ ውሰጂው፣ አበቃ።»

አበራችው። ወሰደችው። የተበላሸ ነገር ማብራት ምን እንደሚመስል የሠራው ያውቀዋል፤ ባበራችው ቁጥር ጥፋቱ ይጎላ ነበር። ግን ደግሞ ወደ ሊቀመንበሩ ስትሄድ እርምጃዋ የከፋው ሰው እርምጃ አልነበረም።

የፍርዱ ቀን ማኅበሩ በሙሉ ሊቀመንበሩ ግቢ ተሰበሰበ። ፀሐዩ ደህና አድርጎ ወጥቷል። ሊቀመንበሩ ከአንድ የጫማ ካርቶን ክዳን ላይ ሁለት ክብ ቀዳዳ ቀድዶ ሁለቱን ቁልፎች፣ የቱ የማን እንደሆነ ራሱም እንዳይለይ ቀላቅሎ፣ ፊታቸው ብቻ እንዲታይ ሰክቷቸዋል። ካርቶኑን መኪናዋ ኮፈን ላይ አኖረው፤ ከሥሩ ፎጣ አንጥፎ ነው፣ ቀለሟ እንዳይጫር። ለኮምጣጤም እጀታው የቀንድ የሆነ አጉሊ መነጽር ሰጠው። ኮምጣጤ በሌላ ቀን ቢሆን በነገረኛ ምላሱ ይመልሰው ነበር። ዛሬ ዳኛ ነውና እንደ በትረ መንግሥት ተቀበለው።

በስተግራው ባለው ላይ ጎንበስ አለ። ወዲያው ፊቱ ተሸበሸበ።

«ኧረ በሕግ!» አለ። «ይሄ ምንድን ነው? ዓይኑ የት ሄደ? እናንተ፣ ኑ እዩት እስቲ፣ ዓይኑ ምንቃሩ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ላባው ደግሞ ዝናብ የመታው ዶሮ ነው። አንዱ መስመር ገመድ፣ አንዱ ክር። ይሄ ጭልፊት አይደለም፣ ይሄ ይቅርታ የሚጠይቅ ነገር ነው።»

ሰዎቹ ሣቁ። ሊቀመንበሩም «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አለ። ከኋላ ያሉትም ሳያዩት «ልክ ነው» አሉ።

«ዕውር ሰው የሣለው ዕውር ወፍ» አለ ኮምጣጤ፣ ሣቁ ጣፍጦት።

ወንድምየው ሣቁ ውስጥ አልነበረም። ወንድሙን ትክ ብሎ እያየ የሆነ ነገር ይጠብቃል። የኮምጣጤ ሚስትም ወደ ባሏ ጠጋ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ደህና አድርገህ እየው» አለችው ቀስ ብላ። «የማን እጅ እንደሆነ ደህና አድርገህ እየው።»

«ዳኛ ሥራ ላይ ነው። አዘንሽለት መሰለኝ።» ወደ ሁለተኛው ዞረ። አጉሊ መነጽሩን አቀረበ፣ አራቀ፣ አቀረበ። ፊቱ ተፈታ። «ይኸውላችሁ» አለ፣ ድምፁ ራሱ ተለወጠ። «ይሄን ነው ጭልፊት የሚሉት። ዓይኑን እዩት፣ ያያችኋል። ላባው አንድ ትንፋሽ ነው። ይሄን ማን ሠራው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሰው ልጁን በጨለማ ያውቀዋል፤ ይሄ የእኔ እጅ ነው።»

ጭብጨባ ሆነ። እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ግን ኮምጣጤ መቼ ማቆም ያውቃል? የተሸነፈውን ከካርቶኑ ነቅሎ ይዞት ወደ ጋራዡ ጥግ ሄደ። እዚያ ሊቀመንበሩ ለጌጥ ያስቀመጠው፣ ቅባቱ እንኳ ያልተጠረገ የብረት መያዣ ሞርሳ አለ። አጠገቡ መዶሻ አለ፤ ዋጋ የተለጠፈበት ወረቀት እጀታው ላይ እንዳለ ነው። ክዳኑን ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ብረቱ ላይ አኖረው።

«ጋሼ፣ ተው» አለ ወንድሙ። አሁን ደነገጠ። «ጋሼ፣ አትስበረው። ይቀመጥ። በኋላ ታየዋለህ።»

«ለአንተ ብዬ ነው። ማስተማሪያ ይሁንህ።»

መዶሻው አረፈ። ጭልፊቱ ከነዓይኑ ተበተነ።

ወንድምየው ስብርባሪውን አየ፣ የወንድሙን ሚስት አየ። እሷ ከንፈሯን ነክሳለች። ከዚያ ከደረት ኪሱ አንዲት ቀጭን ብሩሽ አወጣ፤ መጀመሪያ ቀጥ ያለ መስመር የሰመረ ቀን ኮምጣጤ ራሱ የሰጠው ብሩሽ ነው። በሁለት እጁ አቀረበለት።

«መሐላ ነው» አለ። «ሰሌዳዋን ዛሬውኑ አወርዳታለሁ።»

ኮምጣጤ ብሩሹን በሁለት ጣቱ ተቀብሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ጨመረው። ወንድምየው ወደ በሩ ሄደ። የኮምጣጤ ሚስት መሀረቧን ዘርግታ ከሞርሳው ላይ ስብርባሪውን ትለቅም ጀመር።

«እሱን ደግሞ ምን ልታደርጊው ነው?» አላት።

«የሚጣል ነገር አልወድም» አለች።

ሊቀመንበሩ ቸኩሏል፤ ቁልፏ አሁኑኑ ትገጠም አለ። ኮምጣጤ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ መሪው ፊት ተቀመጠ። ሞላውን ከቦታው አስገባ፣ ሽቦውን ሳበ፣ የመዳቡን ሳህንና ካቻቢቴውን ጭኑ ላይ አኖረ። ያሸነፈውን ቁልፍ ከካርቶኑ አወጣና ሳህኑን ሊያስርበት ገለበጠው። ሰዎቹ በመስኮቱ ዙሪያ ቆመው ክላክሱን ይጠብቃሉ።

ሳህኑን ከማኖሩ በፊት እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን አሻራው ላይ አሳረፈ። የራሱ አሻራ ሁልጊዜ ጣቱን ጥርቅም አድርጎ ነው የሚቀበለው። ይሄኛው አልተቀበለውም። ጠበበው። እና መሃሉ ላይ በሰያፍ የሄደች ጎድጓዳ ነገር አለች። ጣቱን አነሣ፣ እንደገና አሳረፈ። ዓይኑን መዋሸት ለምዷል፤ ጣቱን ግን መዋሸት አልቻለም። ቁልፏን ወደ መስኮቱ ፀሐይ አዘንብሎ አየ። በሰማዩ ቀለም ላይ አንድ አውራ ጣት አለ፣ ከጥግ እስከ ጥግ የተሰነጠቀ።

ያን ስንጥቅ ያውቀዋል። ያሰረው እሱ ነው።

እንግዲያ ያ ዕውር ወፍ የማን ነበር? ለሕዝብ እያሳየ የሣቀበት፣ ዶሮ ያለው፣ በመዶሻ የፈጨው የገዛ ሥራው ነው። የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ ብሎ ምንም ያላጠፋውን ወንድሙን ብሩሹን አስጥሎ ሰደደው። አፈረ። እንደ ልጅ ጆሮው ድረስ ጋለ።

«አለቀ ባለሙያው?» አለ ሊቀመንበሩ።

ማንም አያውቅም። ይሄንንም አሰበው፣ አልዋሽም። የመዳቡ ሳህን ከታሰረ ያ ጣት እስከ ዘላለሙ ተቀበረ። ሰሌዳዋ ትወርዳለች፣ ወንድሙ እንደሁ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይኖራል፤ ስድብ መጠጣት ያስለመደው ራሱ ነው። እሱም «ባለሙያው» እንደተባለ ይቀጥላል። ሳህኑን አኖረ። ቪቶቹን አጠበቀ። ቁልፏን መሪው መሃል ገጠማት።

«አለቀ» አለ።

ከዚያ በአውራ ጣቱ ተጫናት፣ አልለቀቃትምም። ያቺ ስትሸፈን የኖረች መኪና ድምፅ ነበራት ለካ! ግቢው ተናጋ። ሰዎቹ ጆሯቸውን ይዘው ወደ ኋላ አሉ። ሊቀመንበሩ «በቃ፣ በቃ፣ ይሠራል!» ይላል። ኮምጣጤ ተጭኗል። አሁንም ተጭኗል። በበሩ በኩል ውጭውን ያያል። መጨረሻ ላይ ወንድምየው ምን ተፈጠረ ብሎ እየሮጠ ተመለሰና በሩ ላይ ቆመ። ኮምጣጤ ያኔ ለቀቃት።

ከመኪናዋ ወረደ።

«የሰበርኩት የእኔ ነው» አለ። «ይቺ መሪው ላይ ያለችው የእሱ ናት። ጣቱ ከጀርባዋ አለ፣ ያላመነ ፈቶ ይይ።»

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና «እኛማ ትንሽ ተጠራጥረን ነበር...» ማለት ጀመረ።

«ምኑን ተጠራጠራችሁ!» አለ ኮምጣጤ። ኀፍረቱም ንዴቱም አንድ ላይ መጣበት። «የእኔ ዓይን ደክሟል፣ እሺ። ደህና ዓይን ይዛችሁ ሁላችሁም ‹ልክ ነው፣ ልክ ነው› ስትሉ ነበር። ስሰድበው ሣቃችሁ፣ ሳደንቀው አጨበጨባችሁ። ገልብጬ ብናገር ኖሮ ገልብጣችሁ ታጨበጭቡ ነበር። የእናንተን ዓይን ምን ነካው?»

ወንድሙ ፊት ሄዶ ቆመ። ከኪሱ የወንድሙን ብሩሽ አወጣ፤ ከሌላው ኪሱ የራሱን አወጣ፣ ፀጉሯ በሥራ ያለቀችውን። ሁለቱንም ዘረጋለት።

«መሐላ ነው» አለ።

«እንድታየው ብለን ነበር እንጂ እንዲህ እንዲሆን አልነበረም ጋሼ» አለ ታናሽየው። «ዓይንህ እንደደከመ እትዬ ቀደም ብላ መጥታ ነግራኝ ነበር። ከራስህ ዓይን በቀር ማንንም ስለማታምን በራስህ ዓይን ፀሐይ ላይ ይየው አልን። ስታየው ታውቀዋለህ ብለን ነበር። መጥፎ ሥራ ሁሉ የሌላ ሰው ይመስልሃል ብለን አላሰብንም።»

ወንድምየው የራሱን ብሩሽ ብቻ ወሰደ። የታላቁን መልሶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተለት።

«ሰማዩን ግን አወፍረኸዋል» አለ ኮምጣጤ፣ ዓይኑን ወደ ሌላ አድርጎ።

«እንግዲያ ና ቀባልኝ። ዓይኑንና ላባውን እኔ እሠራለሁ፤ ሰማዩ የአንተ ይሁን።»

«ሰማይ ቀቢ ልታደርገኝ ነው?»

«ፀሐይ በደንብ ይገባል ሱቄ ውስጥ» አለ ወንድሙ።

ባልና ሚስት ወደ ቤት ተመለሱ። ኮምጣጤ ኮቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ መሀረቧን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ከዚያ መሳቢያውን ከፍታ መነጽሩን አውጥታ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችና አጠገቡ አኖረችው። አላደርገውም አላለም። አንሥቶ አፍንጫው ላይ ሰካው፣ የጠመመውን አቃና። ስብርባሪውን በጣቱ ሲያገላብጥ ቆይቶ ዓይኗ ያለችበትን ቁራጭ አገኛት። ወደ መስኮቱ ተጠግቶ፣ የጎረቤት ፎቅ ባተረፈለት ቀጭን ብርሃን ላይ ይዞ አያት። እውነትም ምንቃሩ ላይ ናት። ከአጠገቧ ያለው ላባ እውነትም ገመድ ነው። ሲያይ ቆየ፤ ሲናገር ድምፁ ውስጥ ኮምጣጤው አልነበረም።

«ይሄን የሠራውን ሰው» አለ፣ «ዓይንህ ደክሟል ብሎ የነገረው አንድ ሰው እንኳ አልነበረም?»

ሚስቱ የቀሩትን ስብርባሪዎች መልሳ መሀረቧ ላይ እየሰበሰበች ነበር።

«ነግሬው ነበር» አለች። «‹አንቺ ምን ታውቂያለሽ› አለኝ።»